እጀታው በማን እጅ ነው?

ለምን እንደተሠራ ሳይነገረው መሣሪያውን የሚያይ ሰው ምንነቱን በቀላሉ አይገምትም። ሁለት ከባድ የእንጨት ገበታዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በግምት 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 90 ሴንቲ ሜትር ቁመት አላቸው። ታችኛው ጠርዛቸው ከአንድ ረጅም ጠባብ ጣውላ ጋር በማጠፊያ ተያይዟል፤ ላይኛው ጠርዛቸው ወደ ውጭ ያዘነብላል። ከፊት ለፊት ሲታዩ የላቲኑን ‹ቪ› ፊደል ይሠራሉ፤ መካከላቸው አንድ ሰው ልክ ይይዛል። የውስጥ ገጻቸው ወፍራምና ለስላሳ ስፖንጅ ለብሷል። ለአንገት ማሳለፊያ የተተወው ክፍተትና የራስ ማስደገፊያውም እንዲሁ ተለብጠዋል። ከመቆጣጠሪያው ሳጥን ወፋፍራም የአየር ቱቦዎች ይወጡና ጎሚስታ ቤት ጎማ ሲነፋበት ከምናውቀው ዓይነት ኮምፕሬሰር ጋር ይገናኛሉ። የሚጠቀመው ሰው በእጁና በጉልበቱ ሆኖ ይገባል፤ ከፈለገ ይተኛል። እጀታውን ቀስ አድርጎ ሲያንቀሳቅስ አየር ገበታዎቹን ወደሚገፋው ሲሊንደር ይገባል፤ ገበታዎቹም ከግራና ከቀኝ ተጠግተው ከትከሻው እስከ ጉልበቱ አጥብቀው ይይዙታል።

የሠራችው ቴምፕል ግራንዲን ናት። በአሜሪካ የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሳይንስ ፕሮፌሰር ብትሆንም፣ ዓለም ይበልጥ የሚያውቃት ኦቲዝም ይዞ ማደግና መኖር ምን እንደሚመስል ከውስጥ ሆና በመጻፏ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ቦስተን ተወለደች፤ ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ እስኪሆናት አፏን አልፈታችም። በልጅነቷ መታቀፍ ያምራት ነበር፤ ሰው ሲያቅፋት ግን የሚመጣባት ስሜት ከአቅሟ በላይ ስለሚሆን ተወራጭታ ታመልጣለች። ጉርምስና ሲመጣ መነሻው የማይታወቅ ድንጋጤ ተጨመረባት። መድረክ ላይ ውጣ ተብሎ ስሙ የተጠራ ሰው ለአፍታ የሚሰማውን ፍርሃት እሷ ከጠዋት እስከ ማታ ተሸክማው ትውል እንደነበር ጽፋለች።

ይህ የእሷ ብቻ ታሪክ አይደለም። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ አዋቂዎች ቀናቸው የሚያልቀው ሌላው ሰው ልብ በማይለው ነገር ነው። የፍሎረሰንት መብራት ለአብዛኞቻችን ቋሚ ብርሃን ነው፤ ከእነሱ መካከል ግን ሲርገበገብ የሚታያቸው አሉ። ሸሚዝ አንገት ላይ የተሰፋችው የፋብሪካ ምልክት ቀኑን ሙሉ ትቆረቁራቸዋለች። ስብሰባ ላይ ዓይን ለዓይን ማየት፣ በሰዓቱ መሳቅ፣ የሌላውን ሰው ፊት ማንበብ ሁሉ በሐሳብ የሚሠራ ሥራ ነው። ማታ ቤታቸው ሲገቡ የሚሰማቸው ድካም የሸክም ድካም ነው። እንዲህ ላለ ሰው ‹ዘና በል እንጂ!› ማለት ምክር አይባልም።

ግራንዲን መፍትሔውን ያገኘችው ሐኪም ቤት ሳይሆን አሪዞና ውስጥ፣ በአክስቷ የከብት እርባታ ነው። ጊዜው የ1960ዎቹ አጋማሽ ነበር። ከብቶቹ ሲከተቡ ተራ በተራ ወደ ብረት መያዣ ይገባሉ፤ ሁለቱ ጎኖች ተጠግተው ሰውነታቸውን ይይዛሉ፤ አንገታቸው ላይ ሌላ መያዣ ይዘጋል። ሲገቡ ሲራገጡ ከነበሩት መካከል አንዳንዶቹ ጎናቸው እንደተያዘ ጸጥ ሲሉ አየች። ሌላ ሰው ቢሆን አይቶ ያልፍ ነበር። እሷ ግን ገብታ አክስቷ መያዣውን እንድትዘጋባት ለመነች፤ አክስትየዋም እሺ አሉ። መጀመሪያ ክፉኛ ደነገጠች፤ ወዲያው ሰውነቷ ላላ፤ ከወጣች በኋላም እርጋታው ለአንድ ሰዓት ያህል አብሯት ቆየ።

ኒው ሃምፕሸር ወዳለው ትምህርት ቤቷ ስትመለስ በኮምፔንሳቶ የራሷን ሠራች። አዋቂዎቹ አልወደዱላትም። የሥነ ልቦና ባለሙያው ነገሩ የማሕፀን ምሳሌ ይሁን የሬሳ ሣጥን እያለ ይጠበብ ነበር፤ መሣሪያው ከእሷ እንዲወሰድም ተፈልጓል። ዊልያም ካርሎክ የሚባለው የሳይንስ መምህሯ ሌላ መንገድ መረጠ። መሣሪያው ለምን እንደሚያረጋጋት ማወቅ ከፈለገች ሳይንስ ማጥናት እንዳለባት ነገራት። ሰነፍ የሚባል ውጤት የነበራት ልጅ ለዚህ ጥያቄ ስትል ቤተ መጻሕፍት ገባች። እኔ ይህን መምህር ከመሣሪያው ሠሪዎች አንዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ ምስማር ባይመታም።

አሁን ወደ እጅ ሥራው እንግባ። የመጀመሪያው ሸካራ ነበር። ጠንካራ ጣውላ ሰውን ከጎን ሲጫን መጀመሪያ የሚያገኘው አጥንት ነው፤ ትከሻን፣ የጎድን አጥንትን፣ ዳሌን። ግፊቱ እነዚህ ጥቂት ቦታዎች ላይ ይከማችና ያማል፤ የቀረው ሰውነት ደግሞ ባዶ አየር ይነካል። ግራንዲን በዓመታት ውስጥ የሠራችው ዋና ሥራ ይህን ግፊት መበተን ነው። ስፖንጁን አወፈረች፣ አለሰለሰች፣ ቅርጹ የሰውነትን ጎን እንዲከተል አደረገች፤ አሁን ግፊቱ ከላይ እስከ ታች እኩል ያርፋል። ‹ቪ› ቅርጹም ለመልክ የመጣ አይደለም። ጎኖቹ ቀጥ ብለው ቢቆሙ ኖሮ የተኛው ሰው ክብደቱን የሚጥለው ታችኛው ጣውላ ላይ ነበር። ያዘነበሉ በመሆናቸው የገዛ ክብደቱ ወደ ስፖንጁ ያስጠጋዋል፤ ኮምፕሬሰሩ ገና ሳይነሳ መያዙ ይጀምራል። ይህን ለማየት ሥዕሉን ሁለት ጊዜ ማየት ያስፈልጋል፤ ጥሩ ሥራ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ብልሃቱን ለጥድፊያ ዓይን አይሰጥም።

ከስፖንጁ ጀርባ ያለው እውቀትም ቀላል አይደለም። ቀለል ያለ ንክኪ የነርቭ ሥርዓትን ያነቃል፤ ሰፋ ብሎ የሚያርፍ ጠንከር ያለ ግፊት ያረጋጋል። ነጠላ ትከሻ ላይ ሲንሸራተት አሥር ጊዜ የምናስተካክለው፣ ከባዱን ጋቢ ግን ደርበን የምንረሳው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። በጎ ፈቃድ ያለው ሰው ኦቲዝም ያለበትን ወዳጁን ለማጽናናት ጀርባውን ቀስ ብሎ ሲዳስስ ጭንቀቱን የሚያባብስበት ጊዜ አለ፤ የዳሰሰው ሰው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ንክኪው ከሚያረጋጋው ወገን ሳይሆን ከሚያነቃው ወገን ስለሆነ ነው።

ስፖንጁ ሲለሰልስ ሠሪዋም አብራ ተለወጠች። ግራንዲን ከጻፈቻቸው ነገሮች ሁሉ እኔን የያዘኝ ስለ ድመታቸው የጻፈችው ነው። ድመቷ ከእሷ ትሸሽ ነበር። ግራንዲን መሣሪያውን መጠቀም ከጀመረች በኋላ፣ በለስላሳ መያዝ ምን እንደሆነ በገዛ ቆዳዋ ስታውቀው፣ ድመቷንም ለስለስ አድርጋ ማሻሸት ተማረች፤ ድመቷም መሸሿን ትታ አጠገቧ መቀመጥ ጀመረች። ገርነትን በስብከት የሚያስተምሩ ብዙ ናቸው፤ በስፖንጅ ውፍረት ያስተማረ ሌላ አላጋጠመኝም።

ግን የመሣሪያው ልብ ስፖንጁ አይደለም፤ እጀታው ነው። በከብቶቹ መያዣ እጀታው ከውጭ ነው፤ የሚስበው ሠራተኛው፣ የሚያዘው ከብቱ። ግራንዲን ያንኑ መያዣ ለራሷ ስትሠራ እጀታውን ወደ ውስጥ አስገባችው። የሚያዘውና የሚይዘው አንድ ሰው ሆነ። ምን ያህል እንደሚጠብቅ፣ መቼ እንደሚላላ፣ መቼ እንደሚያበቃ የሚወስነው ውስጥ የተኛው ነው። መታቀፍ ትፈልግ የነበረችው ልጅ ከሰው እቅፍ የሸሸችበት አንዱ ምክንያት የሰው እቅፍ ማቆሚያው በሌላ ሰው እጅ መሆኑ ነው፤ የምትወድሽ አክስት ስታቅፍሽ ‹ይብቃኝ› የምትይበት መቆጣጠሪያ የለም። ይህን አንድ ለውጥ ከመሣሪያው ላይ ብታነሱት የሚቀረው ዕቃ የሚያስፈራ ነው። በሌላ ሰው የሚዘጋ ሣጥን ማንንም አያረጋጋም፤ ያ የትምህርት ቤቱ ባለሙያ ያላየው ይህን ይመስለኛል።

ፍጥነትም አለ። ድንገት የሚመጣ ግፊት ያስደነግጣል፤ ቀስ ብሎ፣ ሳይቆራረጥ የሚመጣ ያረጋጋል። ግፊቱ ባለበት ከቆየ ደግሞ ሰውነት ይለምደውና ስሜቱ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ተጠቃሚው በዝግታ እያላላ መልሶ ያጠብቀዋል። ግራንዲን በኋላ ለእርባታዎችና ለቄራዎች የከብት መያዣ ስትነድፍ ይህንኑ ሕግ ይዛ ሄደች። መያዣው በዝግታ ይዘጋ፤ መሃል መንገድ ላይ ማቆም የሚቻል ይሁን፤ ከልክ በላይ እንዳይጨምቅ መጠኑን የሚገድብ ነገር ይኑረው፤ ከብቱ የሚቆምበት ወለል አያንሸራት። በጣም ከላላ ከብቱ መታገል ይጀምራል፤ በጣም ከጠበቀ ያመዋል፤ ትክክለኛው ልክ በሁለቱ መካከል ነው።

ስለ ወለሉ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። አሪዞና ውስጥ፣ የፊልም ተዋናዩ ጆን ዌይን ድርሻ በነበረው ሬድ ሪቨር የተባለ የከብት ማድለቢያ፣ ከብቶችን በጸረ ተባይ መድኃኒት ውኃ ውስጥ ለማሳለፍ ገንዳ ነደፈች። ከብት እንዲህ ካለ ገንዳ ይሸሻል፤ ወደ ጥልቅ ውኃ በግፊት መውደቅ ያስፈራዋል። እሷ የገንዳውን መግቢያ በሲሚንቶ ቁልቁለት ሠራችው፤ ቁልቁለቱ ላይ ሰኮና የሚይዙ ጥልቅ ስንጥቆች አወጣችበት። ከላይ ለሚያየው ከብት ቁልቁለቱ ቀስ እያለ ውኃ ውስጥ የሚቀጥል ይመስለዋል፤ ከውኃው ገጽ በታች ግን ድንገት ያበቃል። ከብቱ እግሩን ተማምኖ ይራመዳል፤ ሳያስበው ውኃው ውስጥ ይዋኛል። ሥራው ሲጀመር ከብት ነጂዎቹ ይህን ስላላመኑት ስንጥቆቹ ላይ ቆርቆሮ አነጠፉበት፤ ከብቶቹ እንዲንሸራተቱ ማለት ነው። እግራቸው ሲከዳቸው ደነገጡ፤ ወደ ኋላ ተገልብጠው ሁለት ከብቶች ሰጠሙ። ቆርቆሮው ሲነሳ መግቢያው እንደተነደፈው ሠራ። ፍርሃት የመጣው ከውኃው ሳይሆን የቆሙበትን ከማጣት መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ አላውቅም።

የነርቭ ሐኪሙና ጸሐፊው ኦሊቨር ሳክስ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኮሎራዶ ድረስ ሄዶ ጎብኝቷት ነበር። መኝታ ክፍሏ ውስጥ የቆመውን መሣሪያ አይቶ አላለፈም፤ ራሱም ገብቶ ሞከረው፤ ደስ የሚል እርጋታም አገኘበት። በላይኛው ክፍል የሰጠሁት ልኬት የእሱ ግምት ነው። ጉብኝቱን የያዘው መጽሐፉ ርዕስ የተወሰደው ከእሷ አባባል ነው፤ በሰዎች መካከል ስትኖር ማርስ ላይ ሰዎችን የሚያጠና አንትሮፖሎጂስት እንደሆነች ይሰማት ነበር። ሳክስ ጥሩ ተመልካች ስለነበር መሣሪያውን እንደ በሽታ ምልክት አልቆጠረውም፤ እንደ ዕቃ አየው፤ ገብቶም መዘነው።

የሚለካ ውጤት አለው ወይ ቢባል፣ አለው፤ ብዙ አይደለም። ግራንዲን በ1992 በታተመ ጽሑፏ ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች፣ ሌሎች የኮሌጅ ተማሪዎችና እንስሳት ላይ ጥልቅ ግፊት የሚያሳድረውን ውጤት አስፍራለች። በ1999 ደግሞ ኤድልሰንና ባልደረቦቹ ከእሷ ጋር ሆነው 12 ልጆችን ፈተኑ። ልጆቹ ለስድስት ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ለ20 ደቂቃ ገቡ፤ የተወሰኑት ገበታው በማይንቀሳቀስ መሣሪያ ውስጥ ነበሩ። ግፊቱን ያገኙት ልጆች ውጥረታቸው ቀነሰ፤ የጭንቀታቸው ለውጥ ግን ለጥቂት ነው የታየው። በ12 ሰው ከዚህ በላይ መናገር ያስቸግራል። ግራንዲን ራሷም መሣሪያው ብቻውን በቃኝ አላለችም፤ በሠላሳዎቹ ዕድሜዋ የድንጋጤ ስሜቷን ለማብረድ አነስተኛ መጠን ያለው የድባቴ መድኃኒት ጀምራ እንደጠቀማት በግልጽ ጽፋለች። በ2010፣ ሕይወቷን የሚያሳየው ፊልም በወጣበት ሰሞን፣ መሣሪያው ከሁለት ዓመት በፊት እንደተበላሸና ሳታሠራው እንደቀረች፣ አሁን ሰዎችን ማቀፍ እንደጀመረች ተናግራለች።

ሌላው እጁን የማደንቅለት ሥራ እንጨትም ብረትም የለበትም፤ የተሠራው በቃልና በደቂቃ ነው። በ1979 ጆን ካባት-ዚን የተባለ ሰው በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ማይንድፉልነስ በሚባለው የጥሞና ልምምድ ላይ የቆመ የስምንት ሳምንት ሥልጠና ጀመረ። ከሃይማኖት ሥርዓቱ ወጥቶ ወደ ሆስፒታል የገባ ትምህርት ነው፤ ትንፋሽን መከታተል፣ ተጋድሞ ከግራ እግር ጣት ጀምሮ ሰውነትን በሐሳብ ማሰስ፣ አንዲት ዘቢብ ይዞ ለመብላት ብዙ ደቂቃ መፍጀት። በ2002 ሦስት ባለሙያዎች ከሐሳብ ሕክምና ጋር አዋሕደው ድባቴ ለሚመላለስባቸው ሰዎች አወጡት። ከዚያ ኔዘርላንድስ ውስጥ አኔሊስ ስፔክ የምትባል የሥነ ልቦና ባለሙያና ባልደረቦቿ ኦቲዝም ላለባቸው አዋቂዎች ይሆን ዘንድ እንደገና ሠሩት።

የሠሩትን ለማድነቅ ያልሠሩትን ማየት ይበቃል። ሥልጠናውን አላቀለሉትም፤ ለልጅ እንደሚሰጥ አላደረጉትም። ያወጡት አለ፤ ያስረዘሙት አለ። መጀመሪያ ያወጡት ምሳሌያዊ አነጋገሩን ነው። ጥሞና የሚያስተምር ሰው አፉ ላይ ተራራና ሐይቅ አይጠፋም፤ ካባት-ዚን ራሱ በተራራና በሐይቅ ምሳሌ የሚመሩ ልምምዶች አሉት። ቃልን በቀጥታ ለሚወስድ ሰው ‹እንደ ተራራ ሁን› የሚለው ትእዛዝ ጥያቄ ይፈለፍላል። የትኛው ተራራ? ቁመቴን ልጨምር ወይስ ልደርቅ? ሰውየው ተራራውን ሲፈልግ ትንፋሹ ተረስቷል። ቀጥሎ በምናብ የሚሠሩ ልምምዶችን አወጡ። ሦስተኛ፣ የራስን ሐሳብ የሚመረምረውን ክፍል ቀነሱ፤ ቀድሞውኑ አንድን ነገር ደጋግሞ በማመንዠክ ለደከመ አእምሮ ተጨማሪ የማመንዠኪያ ሥራ መስጠት ነውና። የቀረው ለሥጋ የቀረበው ነው፤ ትንፋሽ፣ እግር፣ ወለል፣ ድምፅ።

ያስረዘሙት ጊዜውን ነው። ስምንቱ ሳምንት ዘጠኝ ሆነ። በዋናው ሥልጠና ውስጥ ቀን መካከል ላይ ቆም ብሎ ሦስት ደቂቃ መተንፈስ የሚባል ልምምድ አለ፤ እነሱ አምስት ደቂቃ አደረጉት። ሁለት ደቂቃ ምን ይጠቅማል ይባል ይሆናል። እኔ ግን ከለውጦቹ ሁሉ የምወደው ይህን ነው። ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ለመሻገር ጊዜ የሚፈጅበት ሰው በሦስት ደቂቃ ውስጥ መሻገሩን ሳይጨርስ ልምምዱ ያልቅበታል፤ ‹አልቻልኩም› ብሎ ይነሳል። ጥፋቱ የሰውየው አይደለም፤ የሰዓቱ ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ መቼ መረጋጋት እንደሚጀምሩ ማየት ነበረበት። የገበታው ስፖንጅ ምን ያህል ይወፍር የሚለውን ጥያቄ ግራንዲን በሰውነቷ ፈተነችው፤ እነዚህ በደቂቃ ፈተኑት።

ውጤቱ በ2013 ታተመ። 42 አዋቂዎች በዕጣ ተከፋፈሉ፤ ግማሾቹ ሥልጠናውን ወሰዱ፣ ግማሾቹ ተራ ጠበቁ። የወሰዱት ድባቴያቸው፣ ጭንቀታቸውና ነገር ማመንዠካቸው ቀነሰ፤ ደስ የሚል ስሜታቸው ጨመረ። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣ ሌላ ጥናት ሥልጠናው ካለቀ ከዘጠኝ ሳምንት በኋላም ለውጡ እንዳልጠፋ አሳየ። እዚያው ኔዘርላንድስ በ2017 የወጣ ደግሞ ጥሞናውን ከተለመደው የሐሳብና የጠባይ ሕክምና ጋር አስተያየው፤ ሁለቱም ጭንቀትና ድባቴን ቀነሱ፤ አንዱ ሌላውን አልበለጠም። ቁጥሮቹን ከሚገባቸው በላይ ማግነን አልፈልግም። ተራ ከሚጠብቅ ሰው ጋር መወዳደር ቀላል ውድድር ነው፤ ተሳታፊዎቹም መናገርና መጠይቅ መሙላት የሚችሉ ነበሩ፤ ቃል የሌላቸውን አዋቂዎች አይወክሉም። ለእነሱ ከቃል ሥልጠና ይልቅ የገበታውና የስፖንጁ መንገድ የሚቀርብ ይመስለኛል።

አንድ ቅሬታም አለኝ፤ በሠሪዎቹ ላይ ሳይሆን በሚጠቀሙበት ላይ። መሥሪያ ቤቶች ጥሞናን ወደውታል፤ ርካሽ ነዋ። የሚርገበገበውን አምፖል መቀየር ወጪ አለው፤ ሠራተኛው ጥግ ላይ ያለውን ወንበር እንዲመርጥ መፍቀድ ሌላውን ያስኮርፋል፤ ሠራተኛውን ‹ተንፍስ› ማለት ግን በነጻ ነው። ስንጥቁ ላይ ቆርቆሮ አንጥፎ ከብቱን ‹አትደንግጥ› እንደማለት ያለ ነገር ነው። ግራንዲን እርባታዎችን ስትጎበኝ ከብቱ የሚሄድበትን መተላለፊያ ራሷ ጎንበስ ብላ ትሄድበታለች፤ የተንጠለጠለ ሰንሰለት፣ ኩሬ ላይ የሚያብለጨልጭ ብርሃን፣ አጥር ላይ የተሰቀለ ካፖርት ትፈልጋለች፤ መጀመሪያ እነሱን ታስነሳለች። ከብቱን ለማረጋጋት የምትሞክረው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው መሆን ያለበት።

እኛ አገር ስለ ኦቲዝም ሲነሳ የሚነሳው ልጅ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ልጆች የነበሩት ዛሬ አዋቂዎች ናቸው፤ ጢም አብቅለዋል። ስለ እነሱ ውጥረት የሚያወራ ሰው ጥቂት ነው። በአማርኛ እንዲህ ያለ ሥልጠና አሰናዳለሁ የሚል ባለሙያ ቢነሳ ከፊቱ የሚቆመው ችግር የእኛው አነጋገር ነው። እኛ ሳንተርት ማስተማር አንችልም። መካሪ ሽማግሌ ያለ ምሳሌ አፉ አይፈታለትም፤ ሰባኪውም፣ የሬዲዮ ጋዜጠኛውም፣ የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊም እንዲሁ። ያንን ሁሉ ከንግግሩ ላይ መንቀስ ያስፈልገዋል፤ ሲነቀስም ደረቅ ይሆንበታል፤ ሊያሳምረው ይዳዳዋል። ባያሳምረው ይሻላል። እኔ ለሙከራ የአምስት ደቂቃውን ልምምድ እንዲህ ጽፌዋለሁ፦

‹ወንበር ላይ ተቀመጥ። ሁለቱ እግሮችህ ወለሉን ይንኩ። ይህ ልምምድ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ሰዓቱ ግድግዳው ላይ ይታያል። አሁን የቀኝ እግርህ ወለሉን የሚነካበትን ቦታ አስተውል። ሙቀት፣ ቅዝቃዜ ወይም ጥንካሬ ይሰማህ ይሆናል። ምንም ካልተሰማህም ችግር የለም፤ ምንም አለመሰማቱን አስተውል። ሌላ ነገር ማሰብ ከጀመርክ ወደ እግርህ ተመለስ። ስንት ጊዜም ብትመለስ ስሕተት የለውም። አምስት ደቂቃ ሲሞላ «ጨርሰናል» እላለሁ። ከዚያ በፊት ማቆም ከፈለግህ አቁም፤ ለምን እንዳቆምክ አልጠይቅህም።›

ደወል አላስገባሁበትም፤ ድንገት የሚጮህ ነገር አምስት ደቂቃ የተለፋበትን ሁሉ ያፈርሰዋል። ‹ዓይንህን ጨፍን› የሚለውንም ትቼዋለሁ፤ መጨፈን የፈለገ ይጨፍናል።